ሥራ በተሰናከለ ጊዜ የእግዚአብሔርን መንገድ ስለ መመርመር

ሰው ለሥራ የተፈጠረ ነው። አዳም ገና ሳይበድል፥ ምድርም እሾህና አሜከላ ሳታበቅልበት፥ ገነትን የማበጀትና የመጠበቅ አደራ ተቀብሎ እንደ ነበር በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል (ዘፍ. 2፥15)። ከዚህም የተነሣ ሥራ የቅጣት ፍሬ ሳይሆን የክብር ስጦታ መሆኑን እንረዳለን። እንግዲህ ሥራው የተሰናከለበት ሰው የሚያጣው እንጀራውን ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት የሚቆምበትን ስሙንም ያጣል። ከሁለቱም ይልቅ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሦስተኛው ነገር ነው፤ እርሱም «እግዚአብሔር ትቶኛልን? ወይስ ሌላ መንገድ ሊያሳየኝ ነው?» የሚለው የልብ ጥያቄ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር፥ በመርጡለ ማርያም ደጀ ሰላም የሚቀመጥ ካህን ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማዋል። አንዱ ከጽሕፈት ሥራው ተሰናብቶ ይመጣል፤ ሌላው በንግድ ያፈራው ገንዘብ በአንድ ክረምት ጠፍቶበት ይመጣል፤ ሌላው ብዙ ዓመት ቀለም የቆጠረ ደቀ መዝሙር ሆኖ ሳለ ድምፁ ለድጓ አልገዛ ብሎት ይመጣል። ከሁሉ ይልቅ የበዙት ግን ፈተና የወደቁ ልጆችና ወላጆቻቸው ናቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆነ። ከእያንዳንዱ ከመቶው ልጅ ዘጠና አምስቱ፥ ዘጠና ሰባቱ ያህል ወደ ቤታቸው ተመለሱ ማለት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የትምህርት ቤታቸው ደጅ የተዘጋባቸው ልጆች ሲጨመሩ፥ ነገሩ የጥቂት ቤተ ሰብ ኀዘን ሳይሆን የአገር ኀዘን መሆኑ ግልጥ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ ምን ብለን እንመልስ? ከዚህ ቀጥለን ለካህናት አባቶችና ለምእመናን በየተራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የችኮላ መልሶች

በየመንደሩ የሚሰሙት የችኮላ መልሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ዝም በል» የሚለው ነው። ይህ ቃል በመልካም ልብ ይነገራል፤ ነገር ግን ጊዜው ሳይደርስ ከተነገረ ሁለት ጉዳት አለው። ሰነፉን ከስንፍናው እንዳይነሣ ያስተኛዋል፤ ግፈኛውንም «ያደረግሁት እኔ ሳልሆን እግዚአብሔር ነው» እንዲል መሸሸጊያ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው «ኃጢአትህ ነው የጣለህ» የሚለው ነው። ይህንንማ የኢዮብ ወዳጆች ብለውት ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በትቢያ ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው የውድቀቱን ምክንያት እናውቃለን ባሉ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ተቈጣቸው፤ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው ታዘዘ (ኢዮብ 2፥13፤ 42፥7-9)። የወደቀውን ሰው ልብ ሳይመረምሩ ፍርድ የሚሰጡ ሁሉ በዚሁ ተግሣጽ ሥር ናቸው።

ሦስተኛውና የከፋው መልስ ከጠንቋይ ቤትና ዐውደ ነገሥት ከሚገልጥ ሰው ዘንድ የሚገኘው ነው። ሰውየው የተጠያቂውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ፥ በ12 ገድፎ፥ «ኮከብህ ይህ ነው፤ እንጀራህ በምሥራቅ ነው፤ ጠላትህ ቀይ ሰው ነው» ይለዋል። የፊደል ቁጥር ግን ልጁ ማጥናቱን ወይም አለማጥናቱን፥ አለቃው በእውነት ወይም በሐሰት ማሰናበቱን ከቶ አያውቅም። ወደዚያ የሄደ ሰው ገንዘቡን ከማጣቱ በላይ፥ ምንም ያልበደለውን ጎረቤቱን በጠላትነት ይዞ ይመለሳል። የክህነት ስም ይዞ ይህን የሚያደርግ ቢኖር፥ የተሰበረውን ሰው በጎኑ ደግሞ ይሰብረዋል።

ፈቃዱን ስለ መለየት

የችኮላ መልሶች ሁሉ ስሕተታቸው አንድ ነው፤ መሰናክሉን ራሱን የእግዚአብሔር ድምፅ አድርገው ይወስዱታል። የሃይማኖት ትምህርት ግን እግዚአብሔር ወዶ የሚያደርገውንና ታግሦ የሚተወውን ይለያል። ጽድቅን፥ ምሕረትን፥ የሰውን መዳን ወዶ ያደርጋል፤ የሰውን ዐመፅና ስንፍና ግን ነፃ ፈቃዳችንን ስላከበረ ታግሦ ይተወዋል። የዮሴፍ ወንድሞች ወንድማቸውን ሲሸጡ ቅናታቸው ከእግዚአብሔር አልመጣም፤ ቅናታቸው ካደረሰው ጉዳት ውስጥ ግን እግዚአብሔር ለብዙዎች ሕይወት የሚሆን መንገድ አወጣ።

ስለዚህ የእግዚአብሔርን መሪነት የሚፈልግ ሰው «ይህ ለምን ደረሰብኝ?» በሚለው ላይ ብቻ ቢቆም መልስ ሳያገኝ ዘመኑ ያልፋል። ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ነገር ከየት መጣ? አሁንስ ከእኔ ምን ይፈለጋል?» ብሎ ነው። መሪነቱ ከመውደቁ ይልቅ ከውድቀቱ በኋላ በሚደረገው ነገር ይታወቃልና። መሰናክል ከሦስት ወገን ይመጣል፤ ከራስ ጉድለት፥ ከሰው ግፍ፥ ከዘመን መለወጥ። ለሦስቱም የሚገባው ምላሽ የተለያየ ስለሆነ አንዱን ከሌላው መለየት የምርመራው መጀመሪያ ነው።

ሀ/ ከራስ ጉድለት የመጣ መሰናክል

ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ በወጣትነቱ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ ነበር፤ የጵንፍልያ ክፍል ወደ ሆነችው ወደ ጴርጌን በደረሱ ጊዜ ግን ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። በሁለተኛው ጉዞ በርናባስ እንደገና ሊወስደው ወደደ፤ ጳውሎስ ግን በመንገድ ጥሎን የተመለሰ ሰው አይሆንም አለ። ክርክሩም በርትቶ ሁለቱ ሐዋርያት ተለያዩ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ (ሐዋ. 15፥37-39)።

ልጁ በዚያን ቀን ምን ተሰምቶት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሰው ፊት «አትረባም» ያለው ሰው ሌላ የሚያገለግልበት ስፍራ ያገኛል ብሎ ማን ይጠብቃል? ነገር ግን ማርቆስ ጳውሎስን ሲከስ፥ ስለ ራሱም ሲከራከር አልተጻፈም። በትዕግሥተኛው ዘመዱ ጥላ ሥር፥ ስሙ በማይጠራበት ስፍራ፥ ከታች ጀመረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ሲጽፍ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ገልጦ ይዞት እንዲመጣ ጢሞቴዎስን አዘዘው (2 ጢሞ. 4፥11)። በትውፊት እንደምናውቀው የእስክንድርያን መንበር የመሠረተ ይህ ማርቆስ ነው። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስከ ተሾሙ ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን ጳጳሳቷን የተቀበለችው ከዚሁ መንበር ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን በዓሉን ስናከብር እንግዲህ አንድ ጊዜ ከሥራው የተመለሰና ከማኅበር የተከለከለ ወጣት የቆመበትን ስፍራ እያሰብን ይሁን።

በራሱ ጉድለት የወደቀ ሰው ከዚህ የሚማረው ሦስት ነገር ነው። ጥፋቱን የሌላ ሰው ስም ሳያነሣ ይመን፤ ያጎደለው ገንዘብ ወይም ያፈረሰው አደራ ቢኖር ይክፈል፤ የቀደመውን ማዕረግ ሳይሻ ከታች ለመጀመር ይፍቀድ። ለዚህ ሰው የእግዚአብሔር መሪነት በሕልም ወይም በምልክት የሚፈለግ አይደለም፤ ንስሐውና ትንሹ ጅማሬ መንገዱ ራሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የጉድለት ሁሉ ባለቤት የወደቀው ሰው ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ትጉህ ልጅ አልነበረም ሊባል ነውን? ልጁ ያላጠናውን ያህል ጥፋቱን ይመን፤ መምህርና መጽሐፍ በማጣቱ የደረሰበትን ግን በልጁ ትከሻ ላይ የሚጭን አባት እውነተኛ ፈራጅ አይደለም። የግማሹን ጥፋት የሙሉ አድርጎ የተሸከመ ልጅ ተስፋ ይቈርጣል፤ ተስፋ የቈረጠም ንስሐ አይገባም።

ለ/ ከሰው ግፍ የመጣ መሰናክል

ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ታማኝ ሆኖ ሳለ በሐሰት ተከሶ ከሹመቱ ወረደ፤ ታሰረም። ብዙ ጊዜ የዮሴፍ ትዕግሥት ሲነገር፥ በእስር ቤቱ የተናገረው ነገር ሳይነገር ይታለፋል። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ በሚፈታበት ጊዜ፥ በፈርዖን ፊት ነገሬን አንሣልኝ ብሎ ለምኖታል፤ ከአገሩ በስርቆት እንደ ተወሰደ፥ ለመታሰር የሚያበቃም ነገር እንዳላደረገ በግልጥ ነግሮታል (ዘፍ. 40፥14-15)። እንግዲህ ግፍን ግፍ ብሎ መጥራት፥ ረዳት መፈለግና ነገርን ወደ ሹም ማቅረብ ከእምነት መጉደል አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም በቂሣርያ ፍርድ ሊጣመምበት ባየ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)።

ስለዚህ ያለ ጥፋቱ ከሥራ የተሰናበተ ክርስቲያን ይግባኝ ቢል፥ የሠራተኛ ሕግ የሚፈቅድለትን ቢጠይቅ፥ ምስክር ቢቈጥር፥ «የእግዚአብሔርን ፈቃድ ተቃወመ» ሊባል አይገባውም። እግዚአብሔር የዳኝነትን ሥርዓት ለዚህ ሰጥቶአልና። የሚከለከለው ሌላ ነው፤ ሐሰትን በሐሰት መመለስ፥ በጉቦ መመለስ፥ ቂምን ለልጆች ማውረስ ክልክል ነው።

ዮሴፍ ደግሞ ፍርዱን ሲጠብቅ ሥራ አልፈታም። በእስር ቤቱ የታሰሩትን ያገለግል ነበር፤ ፊታቸው የጠቈረውን አይቶ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ የጠየቀው እርሱ ነው። ያ ጥያቄ ባይኖር የሕልሙ ትርጓሜ፥ የሕልሙ ትርጓሜ ባይኖር የፈርዖን አደባባይ ባልተገኘም ነበር። የጠጅ አሳላፊው ከተፈታ በኋላ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ተረሳ (ዘፍ. 41፥1)። የተበደለ ሰው ፍርዱ እስኪመጣ በእጁ ያለውን ጥቂት ሥራ በታማኝነት ቢሠራ፥ የእግዚአብሔር መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ከትንሹ ሥራ ነው።

ሐ/ ከዘመን መለወጥ የመጣ መሰናክል

ሦስተኛው መሰናክል ጥፋተኛው በቀላሉ የማይገኝለት ነው። ዘመን ይለወጣል፤ ሥርዓት ይለወጣል፤ ጦርነት ይመጣል፤ ትናንት የሚፈለግ ሙያ ዛሬ አይፈለግም።

ለዚህ ከመርጡለ ማርያም የቀረበ ምሳሌ አናጣም። ይህችን ጥንታዊት ደብር የአብርሃና የአጽብሓ ዘመን ናት ሲል ትውፊት ይናገራል። በኋላ ዘመን በታላቅ ክብር ያሠሯት እቴጌ እሌኒ ነበሩ። እቴጌይቱ ልብነ ድንግል በልጅነቱ በነገሠ ጊዜ፥ በ1500 ዓ.ም.፥ የመንግሥቱ ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳድሩ ነበር፤ ንጉሡ ሲያድግ ግን ሥልጣኑ ከእጃቸው ወጣ። ያሠሩትም ሕንፃ በኋላ በመጣው ጦርነት ፈረሰ፤ የድንጋይ ቅሪት ዛሬም ይታያል። ሞግዚትነቱ አለፈ፤ ሕንፃውም ወደቀ፤ ቅዳሴው ግን ዛሬም በዚያው ስፍራ ይቀደሳል። ከሥራችን የትኛው እንደሚቀር እኛ አንመርጥም።

በቅርቡም ዘመን አባቶቻችን ያዩት አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በታወጀ ጊዜ፥ ካህኑ በቅዳሴው፥ መሪጌታው በማኅሌቱ፥ ዲያቆኑ በድቁናው ይተዳደርበት የነበረው መሬት በአንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጣ። በጎጃም ያሉ ደብሮችና ገዳማት ሁሉ ነገሩን ያውቁታል። ከሊቃውንቱ ወደ እርሻ የሄደ አለ፤ ወደ ሽመና የሄደ አለ፤ ወደ ከተማ የፈለሰም አለ። በዚያን ጊዜ «እግዚአብሔር ቤቱን ተወ» ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ የሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። ምእመናን በየአጥቢያቸው ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያናቸውን በአስተዋጽኦአቸው የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ነው። ሲወጣ ጥቂት ሰው ብቻ ዋጋውን አወቀው፤ መሬቱ ከሄደ በኋላ ግን ካህኑ እንዲቀድስ፥ ጧፉ እንዲበራ ያደረገው ይኸው ሥርዓት ሆነ። የሚመጣው ሳይታወቅ ለሚመጣው የሚሆን ተዘጋጅቶ ነበር። የእግዚአብሔር መሪነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በፊት ለፊት አይነበብም፤ ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ሲታይ ግን ፊደሉ ይታያል። ስለዚህ ዘመን የጣለው ሰው የጠፋውን ብቻ እየቈጠረ አይቀመጥ፤ «ከዚህ በፊት ምን ሰጥቶኝ ነበር? የትኛውን ሙያ፥ የትኛውን ሰው፥ የትኛውን ልምድ?» ብሎ በቤቱ ያለውን ይፈትሽ።

ልመለስበትን? ወይስ ልተወው?

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፤ ያንኑ ሥራ እንደገና ልሞክር ወይስ ወደ ሌላ ልዙር? በዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ብቻ ይዞ ሁሉን መምከር ያሳስታል።

ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ በመምህሩ በአጎቱ በጌዴዎን ተቀጥቶ ኰበለለ። ገድሉ እንደሚነግረን ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ሲያርፍ፥ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ልትወጣ እየሞከረች ስትወድቅ፥ ደግሞም ስትወጣ፥ በመጨረሻ ከፍሬው ስትደርስ አየ። ተመለሰና ያንኑ ትምህርት ቀጠለ፤ የዜማችን አባትም ሆነ። ለእርሱ የእግዚአብሔር መንገድ ወደ ተወው ሥራ መመለስ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በእስያ ቃሉን እንዳይናገር ተከለከለ፤ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሞከረ፤ አልተፈቀደለትም። በጢሮአዳ ሳለ በሌሊት የመቄዶንያውን ሰው በራእይ አየ (ሐዋ. 16፥6-10)። ለእርሱ የእግዚአብሔር መንገድ ከጀመረው አሳብ መዞር ነበር። ደግሞም ልብ እንበል፤ ራእዩን ያየው ጳውሎስ ብቻ ነው፤ ወደ መቄዶንያ ለመውጣት የተነሡት ግን ባልንጀሮቹ ሁሉ ነገሩን አብረው ካሰቡበት በኋላ ነው። ራእይ ያየ ሐዋርያ እንኳ ምክር ካልተወ፥ ራእይ ያላየ ሰው ብቻውን ሊቈርጥ እንዴት ይደፍራል?

የአብነት መምህሮቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ለዜማ ድምፅ ያጣውን ደቀ መዝሙር «ሰነፍ» ብለው አያባርሩትም፤ ወደ ቅኔ ቤት ወይም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሰዱታል። በጎንጅና በዋሸራ ቅኔ ቤቶች፥ በዲማም ደጅ፥ ከዜማ ቤት የመጣ ተማሪ ታላቅ ባለ ቅኔ ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ድምፁ ደካማ መሆኑ ከቤተ ክርስቲያን መባረሩ አልነበረም፤ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ጉባኤ መዞሩ እንጂ።

አራት ሚዛኖች

መመለስንና መዞርን ለመለየት አራት ሚዛኖች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ሕገ እግዚአብሔር ነው። የተከፈተ በር ሁሉ የእግዚአብሔር በር አይደለም። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ ወደ ኢዮጴ ወርዶ መርከብ ተዘጋጅታ አገኘ፤ ዋጋዋንም ከፍሎ ገባ (ዮና. 1፥3)። ነገሩ ሁሉ ተሳክቶለት ነበር፤ መንገዱ ግን የሽሽት ነበር። በጉቦ የሚገኝ ሥራ፥ በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የሚገኝ ደመወዝ፥ ደላላ በበረሃና በባሕር አሳልፎ ወደ ዓረብ አገር አደርሳለሁ የሚለው መንገድ፥ በሩ ቢከፈትም የዮናስ መርከብ ነው። በየመን ባሕር ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ልቅሶ ይህን ይመሰክራል። እንዲሁም ችግር ያለበት በር ሁሉ የተዘጋ በር አይደለም፤ ጳውሎስ በኤፌሶን ሰፊ በር ተከፍቶልኛል ባለ ጊዜ ተቃዋሚዎቹ ብዙዎች እንደ ሆኑ አብሮ ተናግሯል (1 ቆሮ. 16፥9)።

ሁለተኛው የልብ ምርመራ ነው። ሰውየው የሚያዝነው ስለ ሥራው ነው ወይስ ስለ ማዕረጉ? መምህሩ ያጣው ማስተማርን ከሆነ፥ ወንበር ባይኖረውም በዛፍ ጥላ ሥር ለመንደር ልጆች ፊደል ሊያስቈጥር ይችላል፤ ያጣው የመምህርነትን ስም ብቻ ከሆነ ግን ያ አያጽናናውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ታውቋል። ለክርስቲያን ግን ሲሻር ሊቈጨው የሚገባው ተሹሞ ሳለ ያልፈረደው ፍርድ፥ ያልረዳው ድሃ ነው። ማዕረጉ ተገፎ ፍቅሩ የቀረለት ሥራ ካለ፥ ያ ሥራ ሊመለስበት የሚገባው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምክር ነው። ለነፍሱ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ ለሙያው ሙያውን የሚያውቀውን ይጠይቅ። የንስሐ አባት ቂምንና ኵራትን፥ ፍርሃትንና ስንፍናን ለይቶ ሊያሳየው ይችላል፤ የሒሳብ ትምህርት ይሻልሃል ወይስ የእጅ ሙያ የሚለውን ግን ከመምህራኑ ጋር ቢመክር ይበልጣል። ካህንም ባላወቀው ነገር «እግዚአብሔር እንዲህ ብሎሃል» ብሎ እንዳይናገር ይጠንቀቅ።

አራተኛው ግዴታና ጊዜ ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው፥ ያረጀች እናት ያለችው ልጅ፥ «ጥሪዬ ይህ ነው» ብሎ ቤቱን ለረኀብ ትቶ ሊሄድ አይገባም፤ የዛሬውን እንጀራ በሚያገኝበት ሥራ እየሠራ የነገውን ይጠብቅ። በመጀመሪያው የኀዘን ሳምንትም ታላቅ ነገር አይቍረጥ። አባቶቻችን ሱባኤን የሠሩት ለዚህ ጭምር ነው፤ ሰባት ቀን በጾምና በጸሎት የሚቈይ ሰው ልዩ ምልክት ባያይ እንኳ የቍጣው ጩኸት ይበርድለታል። ጩኸቱ ሲበርድ በመጀመሪያው ቀን ግልጥ የመሰለው ነገር የተለወጠ እንደ ሆነ፥ ያ ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከቍስሉ የመጣ አሳብ ነበር። ሱባኤው ካለቀ በኋላ ጸንቶ የቈየውን አሳብ ግን በትንሹ ይሞክረው፤ ፍሬውንም ይየው።

ስላልተመለሰ ሹመት

በዚህ ነገር ስንጽፍ አንድ ሐሰተኛ ተስፋ እንዳንሰጥ እንፈራለን። ዮሴፍ ከእስር ወጥቶ በግብፅ ተሾመ፤ ማርቆስም ወደ አገልግሎቱ ተመለሰ። የወደቀ ሁሉ ግን በዚህ ዓለም አይመለስም።

የቃለ ዓዋዲውን ሥርዓት ያወጡት አባት የጎጃም ልጅ ናቸው። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ ተወልደው፥ በአብነት ትምህርት አድገው፥ የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ከቈዩ በኋላ በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆኑ። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ግን ወታደራዊው መንግሥት ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ። ከእስር ቤት ወጥተው ወደ መንበራቸው አልተመለሱም። አፅማቸው ከተጣለበት ተገኝቶ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ እግዚአብሔር መሪነቱን ከእርሳቸው አርቆ ነበርን? አይደለም። ያቋቋሙት የሰበካ ጉባኤ ዛሬ በየአጥቢያው ሥራውን ይሠራል፤ እርሳቸው ሲታሰሩ ሥራው አልታሰረም። የእግዚአብሔር መሪነት ማለት ሹመቱ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ደመወዙ በእጥፍ ይከፈላል ማለትም አይደለም። ሰው በሹመትም ሆነ በሽረት ከእግዚአብሔርና ከወንድሙ ፍቅር ሳይወጣ ቢሄድ፥ ያ መንገድ የተመራ መንገድ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው ሥራው ባልተመለሰለት ጊዜ እምነቱን አብሮ ይጥላል፤ ብዙዎችም የወደቁት በመጀመሪያው መሰናክል ሳይሆን በዚህ በሁለተኛው ነው።

የካህናትና የምእመናን ግዴታ

የወደቀው ሰው የእግዚአብሔርን መንገድ ብቻውን እንዲፈልግ መተው አይገባም። ማርቆስ በርናባስን ባያገኝ ኖሮ ወዴት ይሄድ ነበር? በየአጥቢያው አንድ በርናባስ ያስፈልጋል።

የንስሐ አባት ልጁ ከሥራ መሰናበቱን ወይም ፈተና መውደቁን በሰማ ጊዜ እስኪጠራ አይጠብቅ፤ ወደ ቤቱ ይሂድ። ሲደርስ አስቀድሞ ያዳምጥ፤ ከዚያም ከሦስቱ ምክንያቶች የትኛው እንደ ሆነ ከእርሱ ጋር ይመርምር። የጽዋ ማኅበርና የዕድር ሰዎች፥ ቤቱ የጐደለበት እንዳያፍር ለብቻው ይርዱት። የሰበካ ጉባኤም በአጥቢያው ሒሳብ የሚያውቅ፥ ግንበኝነት የሚያውቅ፥ ማስተማር የሚያውቅ ሥራ የፈታ ሰው ሲያገኝ እውቀቱ ተቀብሮ እንዳይቀር ስፍራ ይፈልግለት። ለፈተና ለወደቁት ልጆች ደግሞ ያልወደቁት ታላላቆቻቸው በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን ቢያስጠኗቸው ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይሻላል። ወላጆችም ልጃቸውን ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደሩ ቍስሉን እንዳያመረቅዙ አደራ እንላለን፤ ወድቆ የተመለሰ ልጅ ቤቱ ካልተቀበለው ሌላ ቤት ይፈልጋልና።

አንተም ሥራህ የተሰናከለብህ ወንድም፥ አንቺም የልፋትሽን ፍሬ ያላየሽ እኅት፥ ዛሬ ማታ የመላ ዘመናችሁን መንገድ ለማወቅ አትጨነቁ። ለነገ ጠዋት የሚሆነውን አንድ ቅን ሥራ ብቻ ለዩ፤ የምትከፍሉት ዕዳ፥ የምታስታርቁት ሰው፥ የምትጽፉት ማመልከቻ፥ የምትከፍቱት መጽሐፍ ይሆናል። እርሱን አድርጋችሁ ስታበቁ ቀጣዩ ይታያችኋል። እስራኤልን በምድረ በዳ የመራ አምላክ ደመናውንና የእሳቱን ዐምድ ያሳያቸው እስከሚቀጥለው ሰፈር ድረስ ነበርና።

የተሰናከሉትን የሚያነሣ፥ የተበደሉትን ፍርድ የማይረሳ፥ ዘመናትን በእጁ የያዘ አምላካችን፥ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ ለሁላችን ማስተዋልን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።